የኬብል ኩባንያዎች ውህደትና የፀረ ሞኖፖሊ ሥጋት

አንድ ኩባንያ ሌላውን ለመግዛት መስማማቱ ሲታወቅ የሚሸጠው ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል። ይሁንና ገዢው ካቀረበው ዋጋ ላይ ሳይደርስ የሚቆምበት ጊዜ ይበዛል። በመሐል የሚቀረው ልዩነት፣ ውሉ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል ለሚለው ሥጋት ገበያው የሚጠይቀው ዋጋ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አክሲዮኑ ከወሬው በፊት 70 ዶላር ይሸጥ ነበር እንበል። ገዢው 100 ዶላር በጥሬ ገንዘብ አቀረበ፤ ገበያው ግን 90 ላይ ቆመ። ውሉ ከጸና በ90 የገዛው ሰው 10 ዶላር ያተርፋል፤ ከፈረሰና ዋጋው ወደነበረበት ከተመለሰ 20 ዶላር ይከስራል። ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበትን ወለድ ከተውነው፣ ገበያው የመሳካት ዕድሉን ከሦስት ሁለት እጅ አድርጎ ገምቶታል ማለት ነው። ዕድሉ ከዚህ ያነሰ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ባይገዛ ይሻለዋል።

ከባዱ ነገር ዕድሉን መገመት ነው። ኮምካስት ታይም ዋርነር ኬብልን በ45.2 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ነበር። ክፍያው በአክሲዮን ስለነበር (ለአንድ 2.875 የኮምካስት) የሻጩ ዋጋ ከገዢው ጋር አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር። የኮምካስት ክርክር ጠንካራ ይመስል ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ሰፈር ስለማይወዳደሩ አማራጭ የሚያጣ ቤተሰብ የለም፣ የተወሰኑ ደንበኞችንም ለሌላ አሳልፈን ከክፍያ ቴሌቪዥን ገበያው ከ30 በመቶ በታች እንይዛለን የሚል ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ ግን ዐይናቸውን የጣሉት በሌላ ገበያ ላይ ነው፤ በፈጣን ኢንተርኔት። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በጃንዋሪ 2015 የብሮድባንድን መለኪያ በሰከንድ ወደ 25 ሜጋቢት ከፍ አደረገ። በዚህ መለኪያ የተዋሃደው ኩባንያ ከአገሪቱ ደንበኞች ከግማሽ በላዩን ሊይዝ ነው። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉት ፊልም በኢንተርኔት የሚያሰራጩ ኩባንያዎች ደግሞ ወደ ተመልካቹ የሚደርሱት በዚሁ በር ነው። በዚያ ላይ በ1914 የወጣው የክሌይተን ሕግ ጉዳት እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ውድድርን በእጅጉ ሊያዳክም ይችላል ከተባለ ለማገድ ይበቃል። የፍትሕ ሚኒስቴሩም ሊቃወም መሆኑ ሲገለጥ፣ ኮምካስት በኤፕሪል 2015 ውሉን ተወ። አሥራ አራት ወር ባከነ፤ ውሉ ሲፈርስ የሚከፈል መቀጫም አልተጻፈም ነበር።

በማግስቱ ደንግጦ የሸጠ ባለአክሲዮን ተጎዳ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2014 ለአንድ አክሲዮን 132.50 ዶላር አቅርቦ የተመለሰው ቻርተር በ195.71 ዶላር መጣ። ይህኛው በ2016 ጸደቀ። ቻርተር ከኮምካስት ያነሰ ነበር፤ ለሰባት ዓመት በኢንተርኔት ፍጆታ ላይ ጣሪያ እንዳያደርግና ከኔትዎርኩ ለመገናኘት የሚመጡትን ክፍያ እንዳይጠይቅም ግዴታ ገብቷል። ባለሀብቱ ሊጠይቅ የሚገባው ገዢው የትኛውን ገበያ እንደሚያወራ ሳይሆን ተቆጣጣሪው የትኛውን ገበያ እንደሚለካ ነው።

ቻርተር በሜይ 2025 ደግሞ ኮክስ ኮሙኒኬሽንስን ዕዳውን ጨምሮ በ34.5 ቢሊዮን ዶላር ለመጠቅለል መስማማቱን አስታውቋል። ኮክስ የቤተሰብ ንብረት ስለሆነ ያኔ አክሲዮኑ በገበያ አይሸጥም ነበር። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው ልዩነት በሰሌዳው ላይ አልታየም፤ ሥጋቱን ለማንበብ የቀረው የቻርተር የራሱ ዋጋ ብቻ ነበር።