ከወረኢሉ ይዘነው የመጣነው ብርታት



ከወረኢሉ ገጠር የመጣን ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የተማርነው ከተማ ቤት ተከራይተን፣ ዓርብ ወደ ቤተሰብ ሄደን እሁድ ስንቅ ተሸክመን እየተመለስን ነው። ያኔ ዳገት አያስቆመንም ነበር። ዛሬ ከዶርም፣ ከክፍልና ከላይብረሪ አንወጣም፤ አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ትንፋሽ ያጥረናል። ምን ነካን?

ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋስ ይጨምራል። ግን ከፍታ ብቻውን ብርቱ አያደርግም። በ2013 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው መሐመድ አማንም ደጋ ስላደገ ብቻ አላሸነፈም፤ ሠልጥኖ ነው። እኛንም ያሠለጠነን በየሳምንቱ የወጣነው ዳገት ነበር። በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ይህን የሚያስረዱ አራት መርሆች አሉ።

1. ጫና፦ ብረት ጫና ሲደጋገምበት እንደሚዝል በምህንድስና ተምረናል። ሰውነት ግን ከለመደው ጥቂት የበለጠ ተጭኖበት ሲያርፍ ይጠነክራል። ስለዚህ እንቅልፍና እረፍት የሥልጠናው አካል ናቸው።

2. ቀስ በቀስ መጨመር፦ ሴሚስተሩን ሙሉ ተቀምጠን ከርመን በአንድ ቀን 90 ደቂቃ ኳስ ብንጫወት ትርፉ የጡንቻ ጉዳት ነው።

3. ለዓላማው የሚስማማ ልምምድ፦ ፑሽ አፕ ክንድና ደረትን ያጠነክራል፤ የልብና የሳንባን ብርታት የሚያመጣው ግን ፈጣን እርምጃ፣ ሩጫና ዳገት ነው።

4. መመለስ፦ የተውነው ብርታት ይሄዳል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ተሽቀዳድማ ቀደመቻቸው፤ ጊዜ አልፎ ሰውነቷ ሲከብድ ደግሞ እሳቸው እንደቀደሟት አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፦ ስፖርት ለእህቶችም ነው፤ የትናንት ብርታትም ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

ታዲያ ከየት እንጀምር? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን የጡንቻ ልምምድ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ 5 ደቂቃ ሰውነታችንን አፍታተን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ብለን ተራምደን፣ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ቀዝቀዝ እያልን እንጨርስ። መካከለኛ መሆኑን የምናውቀው እየሄድን ማውራት ስንችል፣ ነሺዳ ማለት ግን ሲያቅተን ነው። ሰኞና ሐሙስ የምንጾም ከሆነ ከበድ ያለውን ልምምድ ለሌላ ቀን እናድርገው። የልብ ሕመም ወይም አስም ያለብን ደግሞ አስቀድመን ሐኪም እናማክር።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ አላህ ዘንድም ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል። ለክረምት ወደ አገር ስንመለስ እናቶቻችን የሚጭኑልንን ስንቅ ተሸክመን ያንን ዳገት ሳናርፍ እንወጣው ይሆን? መልሱ ከነገ ሱብሒ ይጀምራል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።