የተጣለ ፈረስ ለመቀበል ዝግጁ ነን ወይ?

በጋሪ ሥራ ላይ የቆየ ፈረስ ሲያረጅ፣ ሲያነክስ ወይም በበሽታ ሲመታ ባለቤቱ ከከተማ ዳር ለቆት የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ባጃጅ የጋሪን ሥራ በተሻማባቸው ከተሞች ደግሞ ገና መሥራት የሚችል ፈረስ ጭምር ለመንገድ ይተዋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ አንሥቶ ለማዳን የሚፈልግ ገበሬ ወይም ማኅበር ሲነሣ የልማት ሠራተኛውን ምክር መጠየቁ አይቀርም። ይህች ጽሑፍ የተዘጋጀችውም ለዚያን ጊዜ እንድታገለግል ነው።

ብዙዎች የሚጠይቁት «ይድን ይሆን?» ብለው ነው። እኛ ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ስድስት ወር ያለ ሥራ ልንቀልበው እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው እንላለን። ስድስት ወር ያልነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ክፉኛ የከሳ ፈረስ ወደ ቀድሞ ክብደቱ እስኪመለስ ከስድስት እስከ አሥር ወር ሊፈጅበት ይችላል። በርካሽ የሚገኝ የጋሪ ፈረስ ነው ብሎ የተነሣ ማኅበር ወሩ ሳይሞላ ልጓም ያገባለታል፤ ያን ጊዜ ፈረሱ ለሁለተኛ ጊዜ ይጣላል።

ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም የሚሆን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ይህም በስድስት ወር 10 ኩንታል ያህል ይሆናል ማለት ነው። በመስከረም፣ ሣሩ በየደጁ ሞልቶ ሳለ፣ ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሒሳቡ መሠራት ያለበት ግን በየካቲትና በመጋቢት መኖ ነው። ለበሬዎቻችሁ በበጋ ጭድ የምትገዙ ከሆነ ለፈረሱም ትገዛላችሁ። የጤፍ ጭድ ብቻውን ሆድ ከመሙላት አልፎ የከሳን ፈረስ አያገግመውም፤ ጥሩ ድርቆሽና፣ ከተገኘ፣ አልፋልፋ ያስፈልጋል። አሞሌ ጨውም ሁልጊዜ ከፊቱ መጥፋት የለበትም።

ውኃው በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ በሙቀት ቀን ከዚያም በላይ ነው። አንድ ጄሪካን አይበቃውም ማለት ነው። በስብሰባ ላይ ይህንን ውኃ ማን ይቀዳል ብለን ስንጠይቅ ወንዶቹ ዝም ሲሉ አይተናል። የሚቀዱት እናቶችና ልጆች ከሆኑ በውሳኔው ላይ እነሱም መገኘት አለባቸው።

አሁን ስለ ራሳችን ስሕተት እንናገር። ሥራ በጀመርንበት ዘመን አንድ ማኅበር ከመንገድ ያነሣውን፣ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ እንድናይ ጠራን። አዘንንለትና በዚያው ቀን የተቀቀለ ገብስ ከፉርሽካ ጋር በሰፊው እንዲሰጠው መከርን። ፈረሱ በጉጉት በላ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። በአራተኛው ቀን ወደቀ፤ አልተነሣምም። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል በድንገት ብዙ እህል ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት፣ በተለይም ፎስፈረስ፣ ፖታስየምና ማግኒዥየም፣ በፍጥነት ይወርዳሉ፤ ልብና ሳንባም ሥራቸውን መሥራት ያቅታቸዋል። ሞቱ የሚመጣው ወዲያውኑ ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ በመሆኑ ሰው ምግቡን አይጠረጥርም።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እህልም ፉርሽካም አይሰጥ። ግማሽ ኪሎ ያህል የደረቀ አልፋልፋ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይቅረብለት፤ አልፋልፋ ከሌለ ለስላሳ ድርቆሽ ይተካዋል። ንጹሕ ውኃ አይለየው። መጠኑ በየጥቂት ቀኑ እየጨመረ ሄዶ ፈረሱ እስኪጠግብ መብላት የሚጀምረው ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ነው። ሌሊት ተነሥቶ የሚያበላው ሰው ስም ከአሁኑ ካልተጠራ ማኅበሩ ዝግጁ አይደለም።

ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ ቢቼ ነው። ይህ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ በተለይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባሉ ሞቃትና እርጥበት አዘል አካባቢዎች የጋሪ ፈረሶችን ያጠቃል። በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው የሚወጡ እባጮች ይታያሉ፤ ከዚያም ፈንድተው መግል ያወጣሉ። በቁስል በኩል ይገባል፤ ዝንብና ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚዘዋወር የጋሪ ዕቃ ያዛምቱታል። በጊዜ ከተደረሰበት የእንስሳት ሐኪም በአዮዲን ሊያክመው ይችላል፤ ሕክምናው ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ ወደ መገጣጠሚያ ከዘለቀ በኋላ ተስፋው ጠባብ ነው። በመሆኑም አዲስ የመጣ ፈረስ ቢያንስ ለ30 ቀን ከሌሎች ፈረሶችና በቅሎዎች ተለይቶ ይቆይ፤ ባልዲው፣ ገመዱና መጥረጊያው የራሱ ይሁን። የሚለይበት ቦታ የሌለው ማኅበር አንዱን አድናለሁ ብሎ ያሉትን እንዳያጣ ያስፈልጋል። ቁስሉን የሚያጥብ ሰውም ጓንት ያድርግ።

ከመረከብ በፊት በእንስሳት ጤና ኬላ ማስመርመር ተገቢ ነው። ጥርሱ ዕድሜውን ይናገራል፤ የፊት ጥርሶቹ ወደ ፊት ያጋደሉ ከሆነ አርጅቷል። ባዝራ ከሆነች እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፤ እርግዝናዋ 11 ወር ያህል ነውና የሚቀለበው ሁለት ይሆናል። ሰኮናው በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መከርከም አለበት። ስለ ቴታነስና ስለ አፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ደካማ ፈረስ መቼ መከተብ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው።

የተጣለ የመሰለ ፈረስ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። በቀበሌ አስጠይቁ፤ ባለቤቱ ከተገኘ መልቀቁን በምስክር ፊት በጽሑፍ ያረጋግጥ። አለበለዚያ ፈረሱ ከዳነ በኋላ ክርክር ይመጣል። በማኅበሩ ውስጥም ተጠያቂው አንድ ሰው፣ ተተኪውም አንድ ሰው ይሁን። የሁሉም የተባለ ፈረስ በበዓል ቀን ውኃ ሳይጠጣ ይውላል።

መልሱ «አንችልም» ከሆነ አሳፋሪ አይደለም። አንድ ኩንታል ድርቆሽ ወይም የሐኪም መጓጓዣ መርዳትም እርዳታ ነው። እግሩ ለተሰበረ ወይም ሊድን ለማይችል ፈረስ ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው መጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኃጢአት ስለሚቆጥረው ፈረሱን በማታ ከሜዳ ይተወዋል፤ ጅብ በሕይወቱ እያለ ይጀምረዋል። ይህንን ምሕረት ብለን ልንጠራው አንችልም።

ተመካክራችሁ ከተቀበላችሁት፣ በገባበት ዕለት ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በገመድ ለክታችሁ የገመዱን ልክ ቋጥሩና አስቀምጡ። በየ15 ቀኑ በዚያው ገመድ ለኩት። ሁለት ወር ሞልቶት ቋጠሮው ከቦታው ካልራቀ ሐኪሙን ጥሩ፤ ጥርሱ ወይም የሆድ ትላትል ሊሆን ይችላል።