ማንም የማያየው ሠራተኛ

 

ዓሣ ነባሪ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስታውሰው የነቢዩላህ ዩኑስን (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። ዛሬ ግን ይህ ግዙፍ ፍጡር በየቀኑ ስለሚሠራው ሥራ እናስተንትን።

መጀመሪያ ባሕሩን እንይ። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ እያነደድን፣ ደን እየመነጠርን ወደ አየር ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን የሚወስደው ውቅያኖስ ነው። በዚህ ምክንያት ምድር ላይ ከተጠራቀመው ተጨማሪ ሙቀትም ከ90 በመቶ በላዩን የተሸከመው እሱ ነው።

በባሕሩ የላይኛው ክፍል ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ። እንደ ዛፍ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ፤ ካርቦን ወስደው ኦክስጅን ይሰጣሉ። በምድር ላይ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከባሕር ነው። ነገር ግን እንደ ማሳ እነሱም ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ውቅያኖስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጥራቸው የብረት ማዕድን ነው።

የዓሣ ነባሪው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ወደ ታች ጠልቆ ክሪል የሚባሉ ሽሪምፕ መሰል ትናንሽ ፍጥረታትን ይበላል። ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲወጣ እዳሪውን እዚያው ይለቃል። ያ እዳሪ ብረት የሞላበት ነው። ፍግ እንደተበተነበት ማሳ ፋይቶፕላንክተኑ ይለመልማል፤ ክሪሉም እሱን በልቶ ይራባል። ዓሣ ነባሪው ሲሞት ደግሞ በአካሉ ያለውን ካርቦን ይዞ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል። ሱብሃነላህ! እኛ ቆሻሻ የምንለው ነገር እንኳ ሥራ አለው።

እኛስ ምን አደረግን? በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች ተገደሉ። ስባቸው ለሳሙናና ለማርጋሪን ይፈለግ ነበር። በአንታርክቲካ አካባቢ ከ200 ሺህ በላይ እንደነበሩ የሚገመቱት ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀሩ። ክሪሉን የሚበላው ሲጠፋ ክሪሉ ይበዛል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። እንደተጠበቀው አልሆነም። አንዱ ምክንያት ማዳበሪያውን የሚበትነው በመጥፋቱ ነው ይላሉ ተመራማሪዎች። ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም በ1982 ተወስኖ ከ1986 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ግን አንዳንድ ዝርያዎች እንደገና መብዛት ጀመሩ። የተበላሸ ነገር እጃችንን ስንሰበስብ ሊያገግም ይችላል ማለት ነው።

ግን አንዘናጋ። ዓሣ ነባሪ ስለበዛ ብቻ ችግሩ አይፈታም፤ እኛ ከምንለቀው ጋር ሲነጻጸር እሱ የሚያስቀረው ካርቦን ትንሽ ነው። ባሕሩም የሚሸከመው በነፃ አይደለም። ከኢንዱስትሪው ዘመን መጀመሪያ ወዲህ የውኃው አሲድነት 30 በመቶ ያህል ጨምሯል፤ ዛጎልና ኮራል የሚሠሩ ፍጥረታት እየተጎዱ ነው። ዋናው መፍትሔ የምናነደውን መቀነስ ነው።

«አገራችን የባሕር በር የላት፣ ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ዝናባችን ግን የሚነሳው ከባሕር ነው። ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ) በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በሩቁ ፓስፊክ ውቅያኖስ የተፈጠረ የሙቀት ለውጥ ነበር። እዚያ ባሕሩ ሲለወጥ እዚህ የአርብቶ አደሩ ከብት አለቀ።

ውዶቼ፣ ምድር በሚዛን የቆመች አማና ናት። ጥቅሙ ያልታየንን ነገር «ምን ይሠራል?» ብለን ከማጥፋታችን በፊት እንጠይቅ፣ እንማር። ዛሬ ከጁሙዐ ሶላት ስትመለሱ ይህን ለአንድ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ንገሩ።

አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።