የተወቀጠ ቡና ገዝተሽ ታውቂያለሽ?

ቆይ እስቲ፣ ማንኪያውን አስቀምጪው። ከማሩ ጋር የምታማስዪው ምንድን ነው? «ደም ይሞላል» ተብሎ ከአጋሮ የመጣልሽ ዱቄት? ሽፈራውም እርድም ይሸታል። ማን ፈጨው? የት ደረቀ? ፌስታሉ ላይ ስም የለ፣ ቀን የለ።

አትቆጪ፣ ቅጠል ጠልቼ አይደለም። እማዬ በዳማከሴ ነው ያሳደገችን፤ ጤና አዳም ዛሬም ከሲኒዬ አይጠፋም። ግን ዳማከሴውን ከጓሮ ቀጥፋ እዚያው ፊታችን ነበር የምትጨምቀው። አንቺስ፣ የጅማ ልጅ ሆነሽ፣ የተወቀጠ ቡና ከገበያ ገዝተሽ ታውቂያለሽ? ጥሬውን ለቅመሽ፣ አጥበሽ፣ ቆልተሽ ነው የምትወቅጪው። ዱቄቱን ቢሰጡሽ «ገብስ ይግባበት ሽምብራ ማን ያውቃል» ብለሽ ትመልሻለሽ።

እዚህኛው ውስጥ የምፈራው ገብስ አይደለም፣ እርሳስ ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው። ጣዕምም ሽታም የለውም፤ ብታፈዪውም አይለቅም። ለደም ብለሽ ትወስጂዋለሽ፣ እርሳስ ደግሞ ሰውነት ደም እንዳይሠራ የሚያግድ ነገር ነው! አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ ሴት እንዳንቺ ስታረግዝ ከዚያ ወጥቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅትም «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም ይላል።

ባንግላዴሽ ገጠር ውስጥ በነፍሰ ጡሮች ደም እርሳስ ተገኝቶ ምንጩ ቢፈለግ፣ እርድ ሆኖ አረፈው። የደበዘዘው እርድ ደምቆ እንዲሸጥ የእርሳስ ክሮሜት የሚባል ቢጫ ቀለም ይቀቡት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ከገበያ ከተወሰደው ናሙና 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት፤ መንግሥት ነጋዴውን መፈተሽና መቅጣት ሲጀምር በ2021 አንድም አልተገኘም። አየሽ፣ ተቆጣጣሪ ሲኖር እንዲህ ነው። አሜሪካ ቦስተን ውስጥም በ2004 በታተመ ጥናት፣ ከሱቅ ከተገዙ 70 የሕንድ ባህላዊ መድኃኒቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል።

ያንቺው ዱቄት እንዲህ ነው አላልኩም። ግን ቅጠሉ ጋራዥ አጠገብ ወይ መንገድ ዳር ተሰጥቶ ቢሆንስ? አገራችን እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተወችው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ መንገድ ዳር አፈር ላይ የወረደው እርሳስ ደግሞ በዝናብ ታጥቦ የሚያልቅ አይደለም።

ለወጡ እርድ ካማረሽ ሐሙስ ገበያ አብረን ወጥተን በሥሩ እንገዛለን፣ የቴፒውን። አጥበን ከትፈን እናደርቀዋለን፣ ሙቀጫው ያው አለ። ለደምሽ ግን ጤና ጣቢያ የሰጡሽን የአይረን ክኒን ዋጪ። «ያቅለሸልሸኛል» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ እንደደበቅሽው አውቃለሁ፤ ማታ ምግብ በልተሽ ሞክሪው። አይረን ያነሰው ሰውነት እርሳስን አብዝቶ ይስባል። ልጁም ሲወለድ «ዓይኑ እንዲያምር» እያሉ ኩል ይዘው ለሚመጡት አክስቶቻችን እኔ መልስ እሰጣለሁ፤ ብዙው ኩል ከእርሳስ ድንጋይ የተፈጨ ነው።

ፌስታሉን አትጣዪው። ቋጥረሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ ለክትትል ስትሄጂ ለሐኪሟ ታሳያታለሽ፤ ስንት ማንኪያ፣ ለስንት ሳምንት እንደወሰድሽ ሳትደብቂ ንገሪያት። የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ እሷ ታያለች። በይ ተነሺ፣ ጀበናው ሊገነፍል ነው።