ሰሙን ሳያውቁ ወርቁን መፈለግ
(ስለ ባህላዊና ስለ ዘመናዊ ሰርከስ አመራረጥ)

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለትምህርት ወደ ፓሪስ የሚሄድ ጓደኛችን፣ «ከኪሴ የሚተርፈው ገንዘብ ለአንድ ትርኢት ብቻ ቢበቃ ነው፤ እንግዲህ ባህላዊውን ሰርከስ ልይበት ወይስ ዘመናዊውን?» ሲል ጠየቀን። አንዱ፣ «አሮጌው ለልጆች ነው፤ ዘመናዊውን እይ» አለው። ሌላው፣ «ዘመናዊው ጭስና መብራት ብቻ ነው» ብሎ ተቃወመ። እኔም ታናሽ ወንድሜ በሰፈራችን የሰርከስ ቡድን ውስጥ ስለሚሠራ እንደ ዐዋቂ ተቆጥሬ ተጠየቅሁ፤ ነገር ግን የረባ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ምሽት ልሰጠው ያልቻልሁት መልስ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ባህላዊ ሰርከስ ምንድን ነው?

ስሙ የሮማውያንን የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ያስታውሳል እንጂ ዛሬ የምናውቀው ሰርከስ ከዚያ የተወለደ አይደለም። የተወለደው በ1768 ለንደን ውስጥ ነው። ፊሊፕ አስትሊ የተባለ ከፈረሰኛ ጦር የተሰናበተ ወታደር የግልቢያ ትምህርት ቤት ከፍቶ ጠዋት ያስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ትርኢት ያሳይ ነበር። ፈረስ በክብ ሲጋልብ ጋላቢው ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ በጀርባው ላይ መቆም ይቀለዋል። ስለዚህ ሜዳው ክብ ሆነ፤ ስፋቱም እያደር 42 ጫማ፣ ማለት 13 ሜትር ያህል ላይ ጸና። ተመልካቹ በፈረስ ብቻ እንዳይሰለች አስትሊ በገመድ ላይ የሚሄዱትን፣ የሚገለባበጡትንና ቀልደኛውን ጨመረበት።

የባህላዊው ሰርከስ ሥርዐት እስከ ዛሬ ከዚህ ብዙ አልራቀም። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ይቆማል፤ ኳስ የሚቀልበው ጨርሶ ሲወጣ በሽቦ ላይ የምትሄደው ትገባለች። በመካከሉ ቀልደኛው ይመጣል፤ እርሱም የሚመጣው ለሣቅ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ወደ እርሱ ሲመለከት ሠራተኞች ከኋላው ዕቃውን ይለዋውጣሉ። ጓደኛችን በሚሄድበት በፓሪስ በ1852 የተሠራ «ሰርክ ዲቬር» የሚባል የሰርከስ ቤት አለ። ዡል ሌዎታር የተባለው ወጣት ከአንዱ ዥዋዥዌ ወደ ሌላው በአየር የመብረርን ጥበብ በ1859 ለሕዝብ ያሳየው በዚያ ነበር። ከ1934 ጀምሮ ቤቱን የያዘው የቡግሊዮን ቤተሰብ ነው፤ በባህላዊው ሰርከስ ዘንድ ሙያ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

2ኛ/ ዘመናዊውስ?

ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፈረንሳይና በሌሎችም አገሮች ከሰርከስ ቤተሰብ ያልተወለዱ ወጣቶች ጥበቡን የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከቴያትር፣ ከዳንስና ከሙዚቃ የመጡ ሰዎችም ገቡበት። በ1984 በካናዳ፣ በኬቤክ፣ በመንገድ ላይ ትርኢት ያሳዩ የነበሩ ወጣቶች የመሠረቱት ሰርክ ዱ ሶሌይ ያለ እንስሳት ተነሥቶ በዓለም ታወቀ። በዘመናዊው ሰርከስ ሥራዎቹ ብዙውን ጊዜ በአንድ ታሪክ ወይም በአንድ ስሜት የተሳሰሩ ናቸው። ትርኢቱን የሚያስተዋውቀው መሪ ላይኖር ይችላል፤ አንድ ሰው በአንድ ገመድ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊሠራ ይችላል።

ልዩነቱን ባጭሩ ለመናገር፣ ባህላዊው «ይህን ሰው ሊሠራው ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅና በዐይናችን ፊት ሠርቶ ይመልሳል። ዘመናዊው ግን «ሰው ይህን ለምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ለእኛ ይተውልናል።

3ኛ/ ሰምና ወርቅ

እኛ የቅኔ አገር ልጆች ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በባህላዊው ሰርከስ ሰሙ ሁሉ ነው፤ የሚታየው ሥራ ራሱ ዓላማው ነው። በዘመናዊው ግን ከሰሙ ሥር ወርቅ ተቀብሯል፤ የሚወድቀው ሰው መውደቁ ምናልባት ስለ ስደት ወይም ስለ ፍቅር የሚናገር ነው። ታዲያ ግስ ያልቆጠረ ተማሪ ቅኔ ልዝረፍ ቢል እንደማይሆንለት ሁሉ፣ በአንድ እጅ መቆም ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ በዐይኑ ያልለካ ሰው፣ አርቲስቱ ሆነ ብሎ ሲንገዳገድ የሚናገረውን ሊሰማው አይችልም። ደግሞም ሰሙ ያልጠና ቅኔ ወርቁ ቢበዛ ምን ይሆናል? ችሎታው ደካማ ሆኖ ሳለ በመብራትና በጭስ የሚሸፈን ዘመናዊ ትርኢት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሰርከስ ከቶ አይቶ የማያውቅ ሰው በባህላዊው ይጀምር እላለሁ።

4ኛ/ ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀ/ እንስሳት አሉበትን? ሰው ለአደጋው ፈቅዶ ይገባል፤ ዝሆን ግን አልፈቀደም። በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነው የሪንግሊንግ ሰርከስ በ2016 ዝሆኖቹን አስወጣ፤ በ2017 ተዘጋ፤ በ2023 ያለ እንስሳት ተመልሶ ተከፈተ። ፈረንሳይም በ2021 ባወጣችው ሕግ በተዘዋዋሪ ሰርከሶች የዱር አራዊትን ማሳየት ከ2028 ጀምሮ እንዲቀር ወስናለች። እንግዲህ አንበሳው ቢወጣም ባህላዊው ሰርከስ መኖር ይችላል።

ለ/ የምሄደው አደጋ ለማየት ነውን? ከሆነ ባይሄዱ ይሻላል። በ1962 በዲትሮይት የዋሌንዳ ቤተሰብ በሽቦ ላይ የሰባት ሰው ፒራሚድ ሠርተው ሲሄዱ ወድቀው ሁለቱ ሞተዋል። በ2013 ደግሞ በላስ ቬጋስ በሰርክ ዱ ሶሌይ ትርኢት ላይ አንዲት አርቲስት ከከፍታ ወድቃ ሞታለች። አሮጌውም አዲሱም ሞትን ያውቀዋል።

ሐ/ ከማን ጋር እሄዳለሁ? ሕፃን ልጅ በየጥቂት ደቂቃው አዲስ ነገር ይፈልጋል፤ ለእርሱ ባህላዊው ይስማማዋል። ዝም ብሎ ማሰብ ለሚወድ ጓደኛ ዘመናዊው ይሻላል።

መ/ የት እቀመጣለሁ? በክብ ሜዳ ዙሪያ ርካሹም ወንበር ብዙ አይጎዳም፤ ሥራው ከየአቅጣጫው እንዲታይ የተዘጋጀ ነውና። ትርኢቱ በቴያትር መድረክ ላይ ከሆነ ግን ከዳር ከመቀመጥ ራቅ ብሎም ቢሆን መካከሉን መምረጥ ይበጃል።

5ኛ/ የእኛ አገር ሰርከስ ከየትኛው ነው?

እዚህ ላይ ክፍፍሉ ይናጋል። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 በአዲስ አበባ ሲጀመር የተነሣው ያለ እንስሳት፣ የሰፈር ልጆችን በማስተማር ነበር። በዚህ በኩል ዘመናዊ ነው። ልጆቹ የሚሠሩት ግን ፒራሚድ፣ ኳስ መቅለብና መገለባበጥ ነው፤ በዚህ በኩል ባህላዊ ነው። በ2004 የተቋቋመው ፈቃት ሰርከስም፣ ቢቢና ቢቹ የተባሉት ወንድማማቾች የሚመሩት ሰርከስ አቢሲኒያም ከዚሁ ዘር ናቸው። ሰርከስ አቢሲኒያ «ቱሉ» በሚለው ትርኢቱ የደራርቱ ቱሉን ታሪክ በአክሮባት ይተርካል። በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የተገኘው ሜዳልያ በፒራሚድና በዝላይ ሲነገር፣ ሰሙም ወርቁም በአንድ ሜዳ ተገናኙ ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ወንድሜ ሦስት ዓመት ሲለማመድ ትርኢቱን አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው አላየሁለትም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው በአቧራ ሜዳ ላይ የሚገለባበጡ ልጆችን ቆሞ ማየት አይገባውም ብዬ አፍር ነበር። እናታችንም፣ «አንገትህን ስትሰብር ማን ይጠግንሃል?» እያለች ትቆጣው ነበር። ከክርክሩ በኋላ ግን በአንድ እሑድ እናቴን ይዤ ሄድሁ። ፒራሚዱ ሲሠራ በነጠላዋ ዐይኗን ሸፈነች፤ ወንድሜ ከታች ሆኖ ሦስት ሰው መሸከሙን ስነግራት ገለጠችው። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም አየን። ሲያበቃ ከላይ የቆመችውን ልጅ ሁሉም ያጨበጭብላት ነበር። እናቴ ግን፣ «ስትወርድ እጇን ለመያዝ ቀድሞ የተዘረጋው የእኔ ልጅ እጅ ነው፤ አየህ?» አለችኝ። እኔ አላየሁም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መቆጣቷን ትታ ከልምምድ ሲመለስ እግሩን የሚያሽበት ሙቅ ውኃ ታቆይለታለች።

እንግዲህ ለጓደኛችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሰሙ በአገርህ፣ በደጅህ አለ፤ ከመሄድህ በፊት በሰፈር ሜዳ ቁመህ እስከ መጨረሻው እየው፤ ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውንም እየው። ያን ካደረግህ ገንዘብህን በፓሪስ ለዘመናዊው ክፈል፤ ይገባሃልና። ያን ሳታደርግ ከሄድህ ግን በሰርክ ዲቬር ጀምር። በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ይሠራል፤ እናቴና እኔም እንሄዳለን፤ አብረኸን ብትመጣ ደስ ይለናል።