እግሩ ላልጸናለት ሕፃን የመጫወቻ መኪናን ስለ ማስተካከል

ሕፃን በደረቱ ሲሳብ፥ ኋላም ሲድህ፥ ከዚያም ቆሞ ሲሔድ የሚጠነክረው እግሩ ብቻ አይደለም፤ አእምሮውም አብሮ ያድጋል። ከእናቱ ርቆ መመለስን፥ የወደደውን መርጦ ወደ እርሱ መቅረብን የሚማረው በመሔድ ነው። እግሩ ወይም ወገቡ ያልጸናለት ሕፃን ግን ሌሎች ካስቀመጡት ስፍራ አይነሣም። ቤተ ሰቦቹ በፍቅር ቢሸከሙትም፥ መንገዱን የሚመርጡ እነርሱ ናቸው እንጂ እርሱ አይደለም።

በመሔድና በመሸከም መካከል ያለው ልዩነት በፈተና ታይቷል። በ1963 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሪቻርድ ሔልድና አላን ሐይን የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ አገር፥ በጨለማ ያደጉ የድመት ግልገሎችን ሁለት ሁለት አድርገው በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ አሰሩ። አንደኛው በእግሩ እየሔደ ሲዞር፥ ሁለተኛው በቅርጫት ተቀምጦ አብሮት ይዞር ነበር። ሁለቱም ያዩት ነገር አንድ ነበረ። ኋላ ግን በተፈተኑ ጊዜ በእግሩ የሔደው ከገደል አፋፍ ሸሸ፤ በቅርጫት የዞረው ግን ገደሉን ከሜዳው ሊለይ አልቻለም። ድመትና የሰው ልጅ አንድ ባይሆኑም፥ ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

በኤሌትሪክ የሚሔድ የአካለ ጉዳተኛ ወንበር ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ለሕፃን ልክ የሚሆነውም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ በአሜሪካ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኮል ጋሎዌይና ባልደረቦቻቸው፥ ልጆች ተቀምጠው የሚነዱትን የመጫወቻ መኪና ከሱቅ ገዝተው ለእነዚህ ሕፃናት ማስተካከል ጀመሩ፤ በ2012 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የአሠራሩን ዘዴ በጽሑፍ አወጡ።

የአሠራሩም ነገር እንዲህ ነው።

1ኛ፤ መኪናው በ6 ወይም በ12 ቮልት ባትሪ ይሔዳል። ልጁ መርገጫውን ሲረግጥ ሽቦው ይገናኝና ሞተሩ ይዞራል፤ እግሩን ሲያነሣ ይቋረጣል። እንግዲህ መርገጫው ማብሪያ ማለት ነው።

2ኛ፤ እግሩ መርገጥ ለማይችል ልጅ፥ ባትሪው አስቀድሞ ተነቅሎ፥ የመርገጫው ሽቦዎች በመሪው ላይ ከሚተከል፥ የመዳፍ ስፋት ካለው ማብሪያ ጋራ ይገናኛሉ። በእጁ ቀስ ብሎ ቢጫነው መኪናው ይሔዳል፤ ቢለቀው ይቆማል። እጁ የማይታዘዝለት እንደ ሆነ ማብሪያው በራሱ አጠገብ ይደረጋል።

3ኛ፤ ወገቡ እንዳይዘም ጀርባውና ጐኑ በለስላሳ ስፖንጅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ቧንቧ ይደገፋል፤ ደረቱም በሰፊ መታጠቂያ ይያዛል።

ጥንቃቄ፤ የተቈረጠው ሽቦ ሁሉ በሚገባ ይሸፈን፤ የሾለ ነገር አይቅር፤ መንገዱ ሜዳ ይሁን፤ ጐልማሳ ሰው ከልጁ አጠገብ ከቶ አይለይ። መኪናው መጫወቻ ነው እንጂ የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም።

በገጠር ላሉ መምህራንና ሽማግሎች ይህ ምን ይጠቅማል? መኪናው በመንደራችን ባይገኝም ምክንያቱ ይገኛል። ልጁን ከሰው ዓይን የሚሰውር ቤተ ሰብ ቢኖር፥ ሽማግሎች ቀርበው ይምከሩ። መምህርም ልጁን በትራስ ደግፎ ከጓደኞቹ መካከል ያስቀምጠው። ልጆች በጋሪ ሲገፉት ወዴት እንደሚሔዱ፥ መቼም እንደሚቆሙ እርሱ በቃሉ ወይም በእጁ ይዘዛቸው። ራሱ መንዳትን ባይተካም፥ ምርጫው የእርሱ ይሆናል። ልጁም ዕቃ እንደሚሸከሙት ሳይሆን እንደ መንገደኛ ይቈጠራል። ይህም በሕፃንነቱ ይጀመር፤ ያለፈ የዕድገት ዘመን በቀላሉ አይመለስምና።

ጥያቄ

፩፤ በእግሩ የሔደው ግልገል በቅርጫት ከዞረው በምን በለጠ?

፪፤ መርገጫው ማብሪያ ነው ማለት ምን ማለት ነው?

፫፤ በመንደራችሁ ተሸክመውት ብቻ የሚውል ልጅ ቢኖር፥ በየቀኑ ምን እንዲመርጥ ልታደርጉት ትችላላችሁ?