እህልን ከነቀዝና ከአይጥ ስለ መጠበቅ

በሰላ ድንጋይ ገብሱም፥ ስንዴውም፥ ባቄላውም በብዙ ድካም ይገኛል። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ነቀዝ እንደ ቆላው ቶሎ አይራባም፤ ነገር ግን እሳት በሚነድበት ቤት የተቀመጠ ጎታ ይሞቃልና ደጋነቱ ብቻ አያድነውም።

የነቀዝ ክፋቱ ስውርነቱ ነው። ሴቲቱ የስንዴውን ፍሬ በስታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ቀዳዳውንም ትደፍነዋለች። ትሉም ውስጡን እየበላ ያድጋል። ስለዚህ ከላይ ደኅና የመሰለው ዘር በተዘራ ጊዜ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል።

መድኃኒቱ እህሉ ሳይከተት ነው።
፩ኛ፥ ጎታውን ጠርጎ ስንጥቁን በጭቃ መምረግ፤ አሮጌውን እህል ከአዲሱ አለመቀላቀል።
፪ኛ፥ እህሉን በጥርስ ሲሰብሩት ቀጭ እስኪል ድረስ በፀሐይ ማድረቅ።
፫ኛ፥ ለዘር የሚቀመጠውን ከተነፋ ደረቅ አመድ ጋር ማደባለቅ።
፬ኛ፥ ጎተራውን ከምድር 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እግሮቹን በለስላሳ ቆርቆሮ መጠቅለል፤ አይጥ ሊወጣበት አይችልምና።

በገበያ የሚገኘው ፎስፊን የሚባል መርዘኛ አየር የሚያወጣው እንክብል ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ቢደረግ ቤተ ሰብን ይፈጃል። አስተዳዳሪዎች ይህን በገበያ ቀን ለሕዝቡ ሊያስረዱ፥ ባለ እርሻዎችም በቤታቸው ሊከለክሉት ይገባል። እህል ቢጠፋ በከርሞ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።